መብራት በሚጠፋበት ከተማ የኦፕንኤልዳፕን ዳታቤዝ እንዴት መምረጥና ማስተካከል ይቻላል

ደብረ ብርሃን ለሰርቨር የተመቸች ከተማ ናት። 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ኤሲ አያስፈልግም፤ መስኮቱን ገርበብ ማድረግ ይበቃል። ጋቢ ደርቤ የምሠራው እኔ ነኝ እንጂ ሰርቨሩስ ደልቶታል። ችግሩ መብራት ነው። ድንገት ይሄዳል፤ የኛ ዩፒኤስ ደግሞ ባትሪው ካረጀ ቆይቷል።

እዚህ ባለ አንድ ኮሌጅ ዳይሬክተሪ ሰርቨር የማስተዳድረው በዚህ ሁኔታ ነው። ዳይሬክተሪ ሰርቨር የሁሉም ሰው የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል የሚቀመጥበት ቋት ነው። ዋይፋዩም፣ የላብ ኮምፒውተሩም፣ ኢሜይሉም “ይሄ ሰውዬ ማነው?” ብለው የሚጠይቁት እሱን ነው። የምጠቀመው ይህን ሥራ የሚሠራ ኦፕንኤልዳፕ የሚባል ሶፍትዌር ነው።

1. ባክኤንዱን ምረጡ

ባክኤንድ ማለት ሰርቨሩ ዳታውን ዲስክ ላይ የሚያስቀምጥበት መንገድ ነው። የድሮ ጽሑፎች ላይ ቢዲቢ፣ ኤችዲቢ እና ኤምዲቢ የሚባሉ ሦስት አማራጮች ታያላችሁ። ብዙ አታስቡ፣ ኤምዲቢን ውሰዱ። ሌሎቹ ሁለቱ በርክሌይ ዲቢ በሚባል የቆየ ዳታቤዝ ላይ የተሠሩ ናቸው፤ በ2021 (እ.ኤ.አ.) ከወጣው የኦፕንኤልዳፕ 2.5 ስሪት ጀምሮ ጭራሹን ተነሥተዋል።

እኔ በበኩሌ አልናፈቁኝም። የካሽ (ለፍጥነት ራም ላይ የሚያዝ ቅጂ) መጠን በሁለት በሦስት ቦታ ማስተካከል ነበረብን። መብራት በሄደ ቁጥር ደግሞ ዳታቤዙ ተጠግኖ እስኪነሣ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው። የኤምዲቢ አሠራር ሌላ ነው። የነበረውን ገጽ አይነካም፤ ለውጡን አዲስ ገጽ ላይ ይጽፋል፣ ጽፎ ሲጨርስ ብቻ ወደ አዲሱ ይዞራል። መሀል ላይ መብራት ቢሄድ አሮጌው ገጽ እንዳለ ነው። ካሽም የለውም፤ ያንን ለኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ትቶታል።

ኤልዲአይኤፍ የሚባል ባክኤንድም አለ። እሱ ሰርቨሩ የራሱን ኮንፊግ (መቼቶቹን) የሚያስቀምጥበት ነው፤ የተማሪ ዳታ አታስገቡበት።

2. የድሮውን ዳታ አውጡ

ስላፕካት በሚባለው ትእዛዝ ወደ ጽሑፍ ፋይል አውጡ። ኮንፊጉን (ቁጥር 0) ለብቻ፣ ዳታውን (ቁጥር 1) ለብቻ። ይህን የምታደርጉት አፕግሬድ ከማድረጋችሁ *በፊት* ነው። ኡቡንቱ 22.04 (የሊኑክስ ስሪት ነው) ይዞት የሚመጣው 2.5ን ስለሆነ አንዴ ከተሻገራችሁ በኋላ አዲሱ ሰርቨር የኤችዲቢን ፋይል ማንበብ አይችልም።

3. ጣሪያውን ወስኑ

እኔን ያቃጠለኝ ይሄ ነው።

ኤምዲቢ “ማክስ ሳይዝ” የሚባል መቼት አለው። ዳታቤዙ ከዚያ በላይ ማደግ አይችልም። ምንም ካልጻፋችሁ 10,485,760 ባይት ነው፣ 10 ሜጋባይት መሆኑ ነው። የዴብያንና የኡቡንቱ ፓኬጅ ሲጫን 1 ጊጋባይት አድርጎ ይሰጣችኋል። እኔ ግን ጎበዝ ነኝ ብዬ ኮንፊጉን ከባዶ በእጄ ጻፍኩት። ከቢዲቢ የቀረ ልማድ ይዞኝ ቁጥሩ ራም የሚበላ መሰለኝ። ሰርቨሩ ያለው ራም 4 ጊጋ ብቻ ስለሆነ “ባልነካው ይሻላል” ብዬ ተውኩት።

ለወራት ምንም አልሆነም። የምዝገባ ሳምንት መጣ። የአዲስ ተማሪዎችን ስም በስክሪፕት እያስገባሁ ሳለ መሀል ላይ ስህተት 80 ማለት ጀመረ። ግራ ያጋባኝ ነገር፣ ነባሮቹ ተማሪዎች እንደ ልባቸው ይገባሉ። ዋይፋይ ይሠራል፣ ኢሜይል ይሠራል። የይለፍ ቃል ልቀይር ያለ ብቻ አይሳካለትም። ማንበብ ይቻላል፣ መጻፍ አይቻልም። ግማሽ ቀን ፐርሚሽን ስፈትሽ፣ ዲስኩ ሞልቶ ይሆን እያልኩ ስባዝን ዋልኩ። ዲስኩ ባዶ ነው! በኋላ ሎጉን ሳነብ “ማፕ ፉል” ይላል። በሩ ላይ የተሰለፉት ልጆች ትዝ ሲሉኝ እስካሁን ያሳፍረኛል።

ቁጥሩ ጣሪያ ነው እንጂ ፍጆታ አይደለም። 1 ጊጋ ብትሉት ራም አይወስድም፣ ዲስኩንም ወዲያው አይሞላም። እንደ ጎተራ አስቡት፤ ጎተራውን ሰፊ አድርጎ መሥራት ገብስ አይጨርስም። ስለዚህ አትሰስቱ። ለመካከለኛ ኮሌጅ 1 ጊጋ (1,073,741,824) በቂ ነው፤ እኔ አሁን 4 ጊጋ አድርጌዋለሁ። ማሽናችሁ አሮጌ ባለ 32 ቢት ከሆነ ግን 4 ጊጋው አይሠራም፤ የአድራሻ ቦታው አይበቃም።

ዳታቤዙን የሚያሳድገው የሰው ብዛት ብቻም አይደለም። ኢንዴክስም (ፍለጋን የሚያፋጥን ማውጫ) ቦታ ይይዛል። ስላፕካት ረጅም ባክአፕ እያወጣ ሳለ ብዙ ከጻፋችሁ ደግሞ የተለቀቁት ገጾች ስላፕካት እስኪጨርስ ድረስ ለአዲስ ጽሑፍ አይውሉም፤ ፋይሉ ያብጣል። አንዴ ካበጠ፣ ብታጠፉለትም አይቀንስም፤ ባዶውን ለሚቀጥለው ጽሑፍ ይይዘዋል። ምን ያህል እንደተሞላ የሚያሳየው “ኤምዲቢ ስታት” የሚባለው ትእዛዝ ነው። “የማፕ መጠን” እና “የተያዙ ገጾች” የሚለውን አወዳድሩ። እኔ በየዓመቱ ጳጉሜ ላይ አየዋለሁ።

4. ኢንዴክስ

የምትፈልጉበትን ብቻ። ለተጠቃሚ ስምና ለኢሜይል “እኩል” (ሙሉው ሲገጥም)፣ ለስም ደግሞ “እኩል” እና “ከፊል” (ቁራጩ ሲገጥም)። ሁሉንም ነገር ኢንዴክስ ማድረግ መጻፍን ያዘገያል። የጎደለ ካለ ሎጉ ራሱ “ኢንዴክስ አልተደረገም” ብሎ ይነግራችኋል።

5. መልሳችሁ አስገቡ

ሰርቨሩን አቁሙ፣ የድሮውን ፎልደር ወደ ሌላ ቦታ አንሡ (አታጥፉት!)፣ በስላፕካት ያወጣችሁትን ስላፕአድ በሚባለው ትእዛዝ አስገቡ። የፈጣን አማራጩን ብትጠቀሙ ያፋጥናል፤ መሀል ላይ ከተቋረጠ ግን ፋይሉን ጥላችሁ ከዜሮ ጀምሩ።

በሩት (በማሽኑ ዋና አስተዳዳሪ መለያ) አስገብታችሁ ከሆነ ፋይሎቹ የሩት ሆነው ይቀራሉ፣ ሰርቨሩም አልነሣም ይላል። ባለቤትነቱን ወደ ኦፕንኤልዳፕ ተጠቃሚ መልሱት። ይህን የማይረሳ ሰው እስካሁን አላየሁም።

6. የማትነኩት ነገር

ኢንተርኔት ላይ “ኖ ሲንክ አድርጉት፣ ይበርላችኋል” የሚሉ አሉ። እውነት ነው፣ ይበራል። ለውጡ ዲስክ ላይ መድረሱን ሳያረጋግጥ “ጨርሻለሁ” ስለሚል ነው የሚበረው። መብራት ሲሄድ የመጨረሻዎቹ ለውጦች ይጠፋሉ፣ ከባሰም ዳታቤዙ ይበላሻል። እኛ አገር ይሄ ቅንጦት ነው። ፋይሉን በኔትወርክ ሼር (ሌላ ማሽን ላይ ያለ የጋራ ፎልደር) ላይም አታስቀምጡት።

ስጨርስ ባክአፑን በፍላሽ ይዤ ዘበኛችንን ቆጣሪውን እንዲያጠፉልኝ ጠየቅኳቸው።

“አንተ ልጅ፣ በራሱ መጥፋቱ መች አነሰህ?” አሉኝ።

አጠፉት፣ አበሩት። ስክሪፕቱ የይለፍ ቃል እየቀየረ ነበር። ሰርቨሩ ያለ ምንም ጥገና ተነሣ፤ “ተሳክቷል” የተባለው ለውጥ ሁሉ በቦታው ነበር። የዩፒኤሱ ባትሪ እስካሁን አልተገዛም።