ድጋሚ ለግሬድ የተላከ ኮሚክ ነጥቡ ወርዶ ሲመለስ፦ ችግርና መፍትሄ

ይህ መመሪያ ኮሚክ መሰብሰብ ትናንት ለጀመረ ሰው አይደለም። ኮሚክ እየገመገመ የነጥብ ደረጃ (ግሬድ) የሚሰጠውን የሲጂሲን ድርጅት ከ0.5 እስከ 10.0 የሚሄድ መለኪያ ለሚያውቅ፣ ማይላር (ጥርት ያለ የፕላስቲክ ከረጢት) እና ቦርድ (ከኮሚኩ ጀርባ የሚደረግ ካርቶን) ለለየ፣ እጁ ላይ ያለውን 9.4 ወይም 9.6 ስላብ (ተገምግሞ በፕላስቲክ ሳጥን የታሸገ ኮሚክ) እያገላበጠ «ይሄ እኮ 9.8 ይገባዋል፤ ሰብሬ፣ ፕሬስ አስደርጌ (በሙቀትና በክብደት አስተኩሼ) ድጋሚ ብልከውስ?» ለሚል ሰው ነው። ስላቡን ከመስበሩ በፊት ያንብበው፤ ከሰበረ በኋላ የሚጠገነው ነገር ጥቂት ነው።

ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ምልክት፦ 9.6 የነበረው 9.4 ወይም 9.2 ሆኖ ተመለሰ

ከሁሉም በላይ የሚደጋገመው ይሄ ነው። ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያማርረው ገምጋሚዎቹን ነው። አንዳንዴ እውነት አለው፣ በጣም ብዙ ጊዜ ግን ጉዳቱ የደረሰው ኮሚኩ ከቤት ሳይወጣ ነው። የትኛው እንደሆነ ለመለየት ሁለት ነገር ያስፈልጋል፦ ከመከፈቱ በፊት የተነሳ ፎቶ፣ እና በሰርተፍኬት ቁጥሩ የሚገኘው የገምጋሚዎች ማስታወሻ። የድሮው ማስታወሻ «ስፓይን (ስቴፕል ያለበት የመታጠፊያ ጠርዝ) ላይ ቀላል ጭረት» ብሎ አዲሱ «የላይኛው ግራ ጥግ ላይ ቀለም የሰበረ (ነጩን ወረቀት ያሳየ) እጥፋት» ካለ፣ ጥጉን ያጠፈው ከፋቹ ሳይሆን አይቀርም። ሁለቱም አንድ ዓይነት ጉድለት ጽፈው ነጥቡ ብቻ ከተለየ፣ የመጀመሪያው ነጥብ በልግስና፣ ወይም ሁለተኛው በጥብቅነት የተሰጠ ነው ማለት ነው። ፎቶ ያላነሳ ሰው ይህን ማወቂያ የለውም። ስለዚህ አራቱን ጥግ፣ ስፓይኑን በሦስት ቦታ ከፍሎ፣ ፊቱንና ጀርባውን፣ መብራቱን ከጎን ዝቅ አድርጎ፣ ያለ ፍላሽ ማንሳት ግዴታ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጥፋት። ስላብ ሁለት ነገር ነው፦ ውጭ ያለው ጠንካራ የፕላስቲክ ሳጥንና ኮሚኩን ዙሪያውን አሽጎ የያዘው ስስ የውስጥ ከረጢት። ሰው ሳጥኑን ሲሰብር ትንፋሹን ይዞ ይጠነቀቃል። ሳጥኑ ሲከፈት «ተገላገልኩ» ይልና ከረጢቱን በላዩ በኩል ብቻ ቆርጦ ኮሚኩን ከፖስታ ውስጥ ደብዳቤ እንደሚያወጣ ይጎትተዋል። ኮሚኩ የሚሞተው እዚህ ላይ ነው። የከረጢቱ መታሸጊያ መስመር ለኮሚኩ ጠርዝ ቅርብ ስለሆነ፣ የስፓይኑ የላይኛው ጫፍ እዚያ ይያዝና ሁለት ሚሊሜትር ያህል ይታጠፋል። ፕላስቲኩና ሽፋኑ በኤሌክትሪክ ስበት ስለሚጣበቁም ሽፋኑ ወደ ኋላ ሲቀር ውስጡ ወደ ፊት ይመጣል፤ ስቴፕሉ ዙሪያ ያለው ወረቀት ይለጠጣል። በ9.8 ደረጃ ቀለም የሰበረች አንዲት ምልክት ብቻዋን ነጥቡን ልታወርደው ትችላለች።

መክፈት ካለባችሁ እንዲህ ክፈቱ፦

1. ጠረጴዛውን ጥረጉ፣ ንጹሕ ነጭ ወረቀት አንጥፉ፣ እጃችሁን ታጥባችሁ በደንብ አድርቁ። መነጽር አድርጉ፤ ሳጥኑ ሲሰበር ስብርባሪው ወደ ዓይን ይፈናጠራል።
2. ሳጥኑን ከላይ፣ ከሌብሉ (ነጥቡ ከተጻፈበት ወረቀት) ጥግ ጀምሩ። ጠፍጣፋ ዊንዲቨር በሁለቱ ግማሾች መካከል አስገቡና አዙሩት እንጂ ወደ ውስጥ አትግፉት። የዊንዲቨሩ ጫፍ ሁልጊዜ ሌብሉ በኩል ይሁን፤ ወደ ኮሚኩ በኩል በፍጹም አይዙር።
3. ከላይ ከተላቀቀ በኋላ ጎንና ጎኑን ቀስ በቀስ ወደ ታች አላቁ። ሳጥኑን እንደ ብስኩት በሁለት እጅ ለመስበር የሚታጠፍ ሰው ኮሚኩንም አብሮ ያጥፈዋል።
4. የውስጡን ከረጢት በሁለት መዳፍ፣ እንደ ትሪ ይዛችሁ ወረቀቱ ላይ አሳርፉ። ስብርባሪ ካለ በለስላሳ ብሩሽ አንሱ፤ አትጥረጉ፣ አንዲት የፕላስቲክ ፍንካች ከተጎተተች ሽፋኑን ትጭራለች።
5. ከረጢቱን በመቀስ ቁረጡ። ምላጭና ካተር አይነካውም። ከላይ፣ ከታችና ስፓይን ከሌለበት ጎን፣ ሦስቱንም ጎን ከኮሚኩ ጠርዝ አርቃችሁ በመታሸጊያው መስመር በኩል ቁረጡ። የስፓይኑ ጎን እንደታሸገ ይቆይ።
6. የላይኛውን ፕላስቲክ እንደ መጽሐፍ ገጽ ገልጡት። ኮሚኩ አይጎተትም፣ ባለበት ይተኛል። ከታችኛው ፕላስቲክ ጋር ሆኖ ቦርድ ከሥሩ አስገቡለት፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ፕላስቲኩን ከሥሩ ሳቡ።
7. ከፊት ሽፋኑ ሥርና ከጀርባ ሽፋኑ ሥር የማይክሮቻምበር (አሲድ የሚመጥ) ወረቀት ይኖራል። ከፕሬስ በፊት መውጣት አለበት፤ ካልወጣ ጠርዙ ሽፋኑ ላይ መስመር ያትማል። ሽፋኑን ከግማሽ በላይ ሳትከፍቱ ወደ ጎን አንሸራቱት።

ይህን ሁሉ ማድረግ የማይቀር ግን አይደለም። ሲጂሲም ሆነ ፕሬስ የሚሠራው እህት ድርጅቱ ሲሲኤስ ኮሚኩን ከነስላቡ ይቀበላሉ፤ የሚከፍቱት እነሱ ናቸው። ይህ እያለ በኩሽና ቢላ ስላብ መክፈት ምን ይባላል? ከነስላቡ መላክ የመጀመሪያው ምርጫ ይሁን። በቤት መክፈት የሚያስፈልገው ስላቡን ለማይቀበል የግል ፕሬስ ሠሪ ስትሰጡ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ፕላስቲክ ከረጢት ላይ ያለ ቴፕ ነው። ቀላል ይመስላል፣ ግን ስንት ኮሚክ በልቷል። ኮሚኩ ከማይላሩ ሲወጣ የከረጢቱ ክዳን ቴፕ ወደ ውስጥ ይታጠፍና ሽፋኑን ይነካል፤ ሲነሳ ቀለም ይዞ ይነሳል። ክዳኑ ሲከፈት ቴፑ ሙሉ በሙሉ ተነቅሎ ይጣል። ሲታሸግ ደግሞ የቴፑን ጫፍ አጥፋችሁ መያዣ ተዉለት፤ እዚያ የሚቀበለው ሰው በጥፍሩ እየቧጠጠ እንዳይታገል።

ሦስተኛው ፕሬሱ ራሱ ነው፣ ለብቻው እንየው።

ምልክት፦ ከፕሬስ በኋላ አዲስ ጉድለት ታየ

ፕሬስ ማለት ኮሚኩን በልኩ አርጥቦ በሙቀትና በክብደት መተኮስ ነው። ሲጂሲ እንደ ጥገና አይቆጥረውም፤ ሌብሉ ሰማያዊ (ጥገና የሌለበት ማለት ነው) ሆኖ ይቆያል። የሚያስተካክለው ግን ቀለም ያልሰበረውን ብቻ ነው፦ የጣት ጉብጠት፣ ስርጉድ፣ ሞገድ፣ የስፓይን መጠቅለል። ነጭ ወረቀቱ የታየበት እጥፋት፣ ቅዳጅ፣ ዝገት፣ የገጽ ቢጫነት አይለወጡም።

ስላቡን ሳትሰብሩ እንዲህ ፈትሹ። መብራቱን ከጎን ዝቅ አድርጉና ጉድለቱን ፈልጉ፤ ከዚያ መብራቱን ፊት ለፊት አምጡት። ከጎን ታይቶ ፊት ለፊት የሚጠፋ ከሆነ ለፕሬስ ተስፋ አለው። ፊት ለፊትም ነጭ ሆኖ የሚታይ ከሆነ የለውም። ጭረቱ ከፕላስቲኩ ላይ እንዳይሆን ደግሞ ጭንቅላታችሁን ወደ ግራና ቀኝ አንቀሳቅሱ፤ ጭረቱ ከሽፋኑ ሥዕል ተለይቶ የሚሄድ ከሆነ የፕላስቲኩ ነው፣ የኮሚኩ አይደለም። የፕላስቲክ ጭረት አይተው ጤነኛ ኮሚክ የሰበሩ ሰዎች አሉ።

አዲሶቹ ጉድለቶች ከነምክንያታቸው፦

የስቴፕሉ ቅርጽ ሽፋኑ ላይ ከታተመ፣ ስፓይኑ በኩል ያለው ውፍረት ሳይመጣጠን ተጭኗል ማለት ነው። ስቴፕሉ ዙሪያ ዝገት ከመጣ እርጥበቱ በዝቷል፤ ዝገት የጀመረ ስቴፕል ያለው ኮሚክ እርጥበት ክፍል (ወረቀቱ ከፕሬስ በፊት የሚለሰልስበት ሳጥን) ውስጥ አይገባም። ሽፋኑ ላይ ብርማ ነጠብጣብ ከታየ የሽፋኑ አንጸባራቂ ልባጥ እርጥብ ሳለ ከሲሊኮን ወረቀቱ (በፕሬስ ጊዜ ሽፋኑ ላይ ከሚደረገው መከላከያ ወረቀት) ጋር ተጣብቋል። በ1960ዎቹ የማርቬል ኮሚኮች ላይ በቀኝ ጠርዝ የውስጥ ገጾች ከሽፋኑ አልፈው ከወጡ፣ ሽፋኑ በሙቀትና በእርጥበት ብዛት ተኮማትሯል። ይህ አይመለስም። ገዢም ወዲያው ያየዋል።

ብዙ ፕሬስ ሠሪዎች ከ65 እስከ 80 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይሠራሉ፤ ለአንጸባራቂ አዲስ ወረቀት ዝቅ ይላል። ርካሽ የቲሸርት ማተሚያ ፕሬስ ገዝቶ በመሣሪያው ላይ የሚታየውን ቁጥር ማመን ጥፋት ነው፤ መሀሉና ጠርዙ እኩል አይሞቅም። በኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር አራቱንም ጥግ ያልለካ ሰው በሰው ኮሚክ ላይ እጁን አያንሳ። የልብስ ካውያማ አይታሰብም።

ፕሬስ የማይገባቸው ወይም ልዩ እጅ የሚፈልጉ አሉ። የ1975ቱ ጃያንት ሳይዝ ኤክስ ሜን ቁጥር 1 ስፓይኑ በሙጫ የተያያዘና ጠፍጣፋ ነው፤ ሲጫን ሙጫው ሊሰነጠቅ ይችላል። የ1991ዱ ሲልቨር ሰርፈር ቁጥር 50 ሽፋኑ ላይ በብር ፎይል ተቀርጾ የወጣ ምስል አለው፤ ፕሬስ ቅርጹን ሊያስተኛው ይችላል። ሆሎግራም የተለጠፈበትም እንደዚሁ።

ምልክት፦ ፕሬስ ተደርጎ አምሮ ነበር፣ ገምጋሚው ግን «ጉብጠት» ብሎ ጻፈ

ወረቀቱ ተመልሷል። ከፕሬስ ትኩስ ወጥቶ ወዲያው የታሸገ ኮሚክ መንገድ ላይ እርጥበት ይስብና ወደ ድሮው ቅርጹ ያዘነብላል። ከፕሬስ በኋላ ክብደቱ ሳይነሳ እዚያው ይቀዝቅዝ፣ ቢያንስ ሙሉ ቀን ይቆይ። ከዚያም አውጥታችሁ ለጥቂት ቀናት በክፍሉ አየር ተዉትና እንደገና በጎን መብራት እዩት። ጉብጠቱ ከተመለሰ ያኔ ይታወቃል፤ ገንዘብ ሳይከፈልበት።

ምልክት፦ ሰማያዊ ሌብል ሄዶ ሐምራዊ ሆኖ ተመለሰ

ሐምራዊ ጥገና ለተደረገበት ኮሚክ የሚሰጥ ሌብል ነው። ምክንያቱ አንድ ነው፦ በመጀመሪያው ግምገማ ያልታየ ጥገና አሁን ታየ። የቀለም ንክኪ፣ የተከረከመ ጠርዝ፣ ሙጫ። የስላቡ ዋስትና የሚሠራው ኮሚኩ እስላቡ ውስጥ እስካለ ነው፤ በእጃችሁ ሰብራችሁ ከላካችሁት በኋላ «ድሮ ሰማያዊ ነበር» ብሎ መከራከር አያዋጣም። ውድ የሆነ የ1940ዎቹ ወይም የ1960ዎቹ ኮሚክ ላይ ይህ አደጋ ከነጥብ መውረድ እጅግ የከፋ ነው፤ ሐምራዊ ሌብል ዋጋውን ክፉኛ ይቆርጠዋል። በስላቡ ውስጥ እያለ ጠርዞቹን በማጉያ መነጽር እዩ፦ ቀኙ ጠርዝ ከቀሩት በተለየ ነጭና ስለታም ከሆነ፣ ወይም ስፓይኑ ላይ ያለው ጥቁር ከዙሪያው ጥቁር በብልጭታ ከተለየ፣ አትንኩት።

ምልክት፦ ቢጫው ሌብል ጠፋ

ቢጫ ሌብል ማለት ደራሲው ወይም ሠዓሊው ሲፈርም የድርጅቱ ምስክር ቆሞ አይቷል ማለት ነው። ስላቡን ራሳችሁ ስትሰብሩ ምስክርነቱ ተቋረጠ። ፊርማው ያው ፊርማ ነው፣ ግን ከዚያ በኋላ ሽፋን ላይ የተጻፈ ጽሑፍ ተደርጎ ይቆጠራል። የተቋረጠው ምስክርነት አይመለስም። እባካችሁ፣ ቢጫ ሌብል በቤት አይሰበርም! ድጋሚ ግሬድ ካስፈለገ ከነስላቡ ብቻ ይላካል። እንደ ኤድጋር ቸርች ካሉ የታወቁ ስብስቦች የወጣና ሌብሉ ላይ የተጻፈበት ኮሚክም እንደዚሁ ነው።

ምልክት፦ ሁሉም ነገር በትክክል ሄደ፣ ነጥቡ ግን ያው 9.6

ይህ ብልሽት ሳይሆን ያልተሠራ ሂሳብ ነው። ለምሳሌ ያህል 9.4ቱ 800፣ 9.6ቱ 1,000፣ 9.8ቱ 1,600 ዶላር ያወጣል እንበል፤ ፕሬሱ፣ ግምገማው፣ የደርሶ መልስ ፖስታውና መድኑ በድምሩ 120 ዶላር። ከወጣ 480 ታተርፋላችሁ፣ ባለበት ከቀረ 120 ትከስራላችሁ፣ ከወረደ 320። ከመቶ 20 የመውጣት፣ 55 የመቆየት፣ 25 የመውረድ ዕድል ከሰጣችሁት በአማካይ በአንድ ኮሚክ 50 ዶላር ገደማ ትከስራላችሁ። ዋጋውን ከቅርብ ጊዜ ሽያጭ ውሰዱ፤ ሻጭ ከሚጠይቀው ዋጋ ሳይሆን። 9.6ና 9.8 መካከል ያለው ልዩነት ትንሽ በሆነበት ኮሚክ ላይ ይህ ሥራ ፋይዳ የለውም። ሲሲኤስ ፕሬስ ይጠቅመው እንደሆነ አስቀድሞ የሚያይ ማጣሪያ አገልግሎት አለው፤ ለእሱ የሚከፈለው ያዋጣል።

አልፎ አልፎ የሚያጋጥሙ

ስላቡ ላይ የዘይት ቀለበት የመሰለ ቀስተ ደመና ከታየ፣ ፕላስቲክና ፕላስቲክ ተነካክቶ ነው። በ2016 ከወጣው ማሸጊያ ጋር ብዙ ተወርቶበታል። ኮሚኩን አይጎዳም፤ ድጋሚ ማሸግ ብቻ ጠይቁ፣ ድጋሚ ግሬድ አይደለም።

ስላቡን ስታዘነብሉት ኮሚኩ ውስጡ የሚንሸራተት ከሆነ በፖስታ አትላኩት፤ ገጾቹ ስቴፕሉ ላይ ይቀደዳሉ። የግድ ከሆነ በአረፋ ፕላስቲክ ጠቅልላችሁ፣ ሳጥን በሳጥን ውስጥ፣ ሲወዘወዝ ድምፅ እስከማይሰጥ ድረስ አሽጉ።

የ1974ቱን ኢንክረዲብል ኸልክ ቁጥር 181 ጥሬውን (ያልተገመገመውን) ገዝታችሁ የምትልኩ ከሆነ፣ ውስጡ ያለው፣ አንባቢ ቆርጦ እንዲያወጣው የታተመው የማርቬል ቴምብር መኖሩን ገጹን ገልጣችሁ አረጋግጡ። ተቆርጦ ከሆነ ፕሬስ ምንም አያደርግለትም።

በቤት የሰበራችሁትን ኮሚክ የድሮ ሌብል አትጣሉ። ከአዲሱ ማመልከቻ ጋር አብራችሁ ላኩት፤ የድሮው ሰርተፍኬት ከሴንሰስ መዝገብ (ድርጅቱ የገመገማቸው ኮሚኮች ብዛት ከሚቆጠርበት) እንዲሰረዝ። ካልተሰረዘ አንድ ኮሚክ ሁለት ሆኖ ይቆጠራል፤ በዚያ ቁጥር ተማምኖ የሚገዛ ሌላ ሰብሳቢም ይሳሳታል።