የሴንት አንድሩስ 17ኛ ጉድጓድ ለአማተር ተጫዋች

በስኮትላንዱ የጎልፍ ሜዳ ኦልድ ኮርስ፣ 17ኛው ጉድጓድ ለሻምፒዮና ሲዘጋጅ ከመነሻው 495 ያርድ፣ ፓር 4 (በአራት ምት እንዲያልቅ የሚጠበቅ) ነው። አማተር ከሆኑ ፓር 5 ነው ብለው ይጫወቱት። ከቀኝ ያለው ሆቴል ከክልል ውጭ ስለሆነ የመጀመሪያውን ምት ወደ ግራ ያድሉ።

ሁለተኛውን ምት ግሪኑ (ጉድጓዱ ያለበት አጭር ሣር) ላይ ለማሳረፍ አይጓጉ። ግሪኑ ጠባብ ነው፤ በግራው ግድግዳው ቀጥ ያለ ባንከር (የአሸዋ ጉድጓድ)፣ ከጀርባው መንገድና የድንጋይ አጥር አለ። ኳሷ መንገዱ ላይ ካረፈች ያለ ቅጣት አትነሳም፤ እዚያው ትመታለች። ስለዚህ ከግሪኑ ፊት፣ በስተቀኝ ያቁሟት። ከዚያ በፑተር (ኳስ ለማንከባለል በሚያገለግለው ዱላ) መሬት ለመሬት ይግፏት። ፊቱ ዳገት ነው፦ ግፊቱ ከሳሳ ኳሷ ተመልሳ እግርዎ ሥር ትመጣለች፣ ወደ ግራ ካደላች ደግሞ ተንሸራታ ባንከሩ ውስጥ ትገባለች። ከገባች ወደ ጎን ወይም ወደ ኋላ ያውጧት። ያሳፍራል የሚል ካለ፣ እዚያ ገብቶ አያውቅም።