በአካል ጉዳት ምክንያት ሥራ ሲከለከሉ

የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ ቁጥር 568/2000 ብዙ ሰው የማይጠቀምበት ትልቅ ጉልበት አለው። በአካል ጉዳትዎ ምክንያት በምርጫ፣ በምደባ፣ በዝውውር ወይም በዕድገት አድልዎ ተፈጽሞብኛል ብለው ሲከሱ፣ አድልዎ አለመኖሩን የማስረዳት ሸክም የአሠሪው ነው።

ይሁንና ባዶ እጅዎን አይሂዱ። የሥራ ማስታወቂያውን ከሰሌዳው ሳይነሳ በስልክዎ ፎቶ ያንሱት። ለፈተና የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ፣ ብሬል ወይም አንባቢ ካስፈለገዎ አስቀድመው በጽሑፍ ይጠይቁ። ማመልከቻውን በ2 ቅጂ አዘጋጅተው አንዱን መዝገብ ቤት ያስገቡ፤ በእጅዎ በሚቀረው ላይ ቀንና ማኅተም ያስመቱ። ብዙ ጉዳይ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ «ሥራው አይመችህም» የሚለው መልስ በቃል ይሰጥና ወረቀት ሳይኖር ይቀራል። አሠሪው «የሥራው ጠባይ አይፈቅድም» ካለ የሥራ መዘርዝሩን ይጠይቁና የትኛው ተግባር እንደሆነ በጽሑፍ እንዲገልጽ ያድርጉ።

ከተቀጠሩ በኋላም አሠሪው የሥራ ቦታውን ማመቻቸት፣ ሲያስፈልግም ረዳት መመደብ አለበት።

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የሚተዳደሩ ሆነው ከተሰናበቱ፣ ወደ ሥራ የመመለስ ክስ በ3 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ፣ ማለትም የክስ ጊዜው በማለፉ፣ ይታገዳል። ከአሠሪው ጋር የጀመሩት ሽምግልና ቢቀጥልም እንኳ ክሱን ከዚያ በፊት ይክፈቱ።