የሜሞሪ ማፒንግ ፍቃድ ሲያስቸግር፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

ፕሮግራም ያልተፈቀደለትን ሜሞሪ ነክቶ በ«ሴግሜንቴሽን ፎልት» ሲወድቅ ብዙ ሰው በዚያ ገጽ (ፍቃድ በሚሰጥበት የሜሞሪ ቁራጭ) ላይ ማንበብን፣ መጻፍንና ማስፈጸምን አንድ ላይ ፈቅዶ ይገላገላል። መልእክቱ ይጠፋል፤ መንስኤው ግን እዚያው ነው፤ በዚያ ላይ አጥቂ ኮዱን ጽፎ የሚያስኬድበት ገጽ ተከፈተ ማለት ነው። ፍቃድ ከመንካታችሁ በፊት የስህተት ቁጥሩን አንብቡ።

ፕሮግራሙ ሊኑክስ ላይ ይወድቃል

በኢንቴልና በኤኤምዲ ማሽኖች ዲሜስጅን (የከርነሉን፣ ማለትም የኦፐሬቲንግ ሲስተሙን እምብርት፣ መልእክቶች የሚያሳየውን ትእዛዝ) በሱዶ ስታስኬዱ «ኤረር» ከሚለው ቃል ቀጥሎ በአሥራ ስድስት መሠረት የተጻፈ ቁጥር ታገኛላችሁ። 4 ፔጅ ቴብሉ (የገጾችን አድራሻና ፍቃድ የሚይዘው ሰንጠረዥ) ላይ የሌለ ገጽ ለማንበብ፣ 6 ደግሞ እንዲህ ያለ ገጽ ላይ ለመጻፍ መሞከሩን ይናገራል። 7 ከሆነ ገጹ አለ፣ መጻፍ ግን ተከልክሏል። 15 ከሆነ የተከለከለው ማስፈጸም ነው። ኮድ የሚያመነጭ ፕሮግራም ላይ 15 ከመጣ ገጹን ለንባብና ለጽሑፍ ማፕ አድርጉ (ከአድራሻ ጋር አያይዙት)፣ ኮዱን ጽፋችሁ ስትጨርሱ በኤምፕሮቴክት (ፍቃድ በሚቀይረው የሲስተም ጥሪ) ወደ ንባብና ማስፈጸም ቀይሩት።

6 ላይ አትቸኩሉ። ለንባብ ብቻ የተፈቀደ ገጽ ገና ካልተነካ ፔጅ ቴብሉ ላይ አልገባምና፣ ልትጽፉበት ስትሞክሩ 7 ሳይሆን 6 ይመጣል። የሚለየው የሲግናሉ ኮድ ነው፤ ጂዲቢ በሚባለው ዲበገር ውስጥ ሲግኢንፎን (የሲግናሉን ዝርዝር) እዩ። ኤስአይ ኮድ 1 ከሆነ አድራሻው ጭራሽ ማፕ አልተደረገም፤ ጥፋቱ የፖይንተር ስለሆነ ፍቃድ መጨመር አያድነውም። 2 ከሆነ ማፑ አለ፣ የጎደለው ፍቃድ ነው። ሲግባስ የሚባለው ሌላ ሲግናል ከመጣ ደግሞ ብዙ ጊዜ ፋይሉ ከማፑ አጥሯል፤ ርዝመቱን በኤፍትራንኬት አስተካክሉ።

ኤምማፕ ወይም ኤምፕሮቴክት ራሱ እምቢ ይላል

ኤምማፕ ማፕ የሚያደርገው ጥሪ ነው። ከታች ያሉት ቁጥሮች ጥሪው ሲከሽፍ ኤርኖ ላይ የሚገኙት ናቸው።

13፦ ለንባብ ብቻ በተከፈተ ፋይል ላይ በሼርድ ማፕ መጻፍ ጠይቃችኋል። ፋይሉን ለንባብና ለጽሑፍ ክፈቱት፤ ለጽሑፍ ብቻ መክፈት አይበቃም። ለውጡ ፋይሉ ላይ እንዲደርስ ካልፈለጋችሁ ፕራይቬት ማፕ ይበቃል።

22፦ ኤምፕሮቴክት ላይ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው አድራሻው ነው፤ በገጽ ወሰን ላይ መጀመር አለበት። ማሎክ የሰጣችሁን ፖይንተር እንዳለ አትስጡት።

12፦ መሀል ላይ ማፕ ያልተደረገ ክፍተት አለ፣ ወይም የማፕ ብዛት ገደቡን (በተለምዶ 65530) ነክቷል። ገጽ በገጽ ፍቃድ መቀያየር አንዱን ማፕ ስለሚቆራርጠው ገደቡ ከታሰበው በላይ ቶሎ ይሞላል።

1፦ ኤምማፕ ላይ፣ ማስፈጸም በተከለከለበት የዲስክ ክፍል ያለን ፋይል ለማስፈጸም ጠይቃችሁ እንደሆነ አጣሩ።

መሐል ሜዳ ወይም ሸዋ ሮቢት ሆናችሁ ኔትወርክ ቢጠፋ የእነዚህ ጥሪዎች ዝርዝር መመሪያ ማሽናችሁ ላይ ሊኖር ይችላል፤ ደብረ ብርሃን ሳላችሁ ማንፔጅስ-ዴቭ የሚባለውን የኡቡንቱ ጥቅል ጭናችሁ ሂዱ።

የራሳችሁ ከርነል ላይ

ዋናው ጣጣ እዚህ ነው። የፔጅ ቴብሉ የመጨረሻ ኢንትሪ (የገጹን አድራሻና ፍቃድ የያዘው መስመር) ትክክል ሆኖ ፕሮግራሙ አሁንም በ5 (በተከለከለ ንባብ) ወይም በ7 ይወድቃል። በ64 ቢት ኢንቴል በተለምዶ አራት የፔጅ ቴብል ደረጃዎች አሉ፤ የመጻፍ ፍቃድ (ቢት 1) እና የተጠቃሚ ፍቃድ (ቢት 2) በአራቱም ላይ መብራት አለባቸው። የመንዝ ግቢ የካቡ በር ተዘግቶ የቤቱ በር ቢከፈት እንግዳ አይገባም። ስለዚህ የላይኞቹን ደረጃዎች ለቀቅ አድርጉ፣ ክልከላውን በመጨረሻው ኢንትሪ ላይ አኑሩ። ማስፈጸምን የሚከለክለው ቢት 63 በተቃራኒው ነው፤ አንዱ ደረጃ ላይ ብቻ ቢበራ ከሥሩ ያለው ሁሉ ይከለከላል። ቢት 63ን ተጠቅማችሁ በስህተት ኮዱ ላይ ቢት 3 ከበራ ግን ኢፈር በሚባለው ሬጂስተር ቢት 11ን አላበራችሁም።

ፍቃዱን አጥብባችሁት ፕሮግራሙ መጻፉን ቢቀጥል ቲኤልቢ (ፕሮሰሰሩ ያነበባቸውን ኢንትሪዎች የሚያስታውስበት ቦታ) አሮጌውን ፍቃድ ይዟል። ኢንትሪውን ከለወጣችሁ በኋላ ያንን አድራሻ ኢንቪኤልፔጅ በሚባለው የፕሮሰሰር ትእዛዝ አጽዱ፣ ወይም ሲአር3ን (የፔጅ ቴብሉን አድራሻ የያዘውን ሬጂስተር) እንደገና ጫኑ። ይህ የሚያጸዳው የራሱን ኮር ብቻ ነው። ሌሎቹ ኮሮች በኢንተራፕት ተነግሯቸው ማጽዳታቸውን እስኪያረጋግጡ ድረስ ገጹን ለሌላ ሥራ አትስጡ። «አንድ ኮር ላይ ይሠራል፣ አራት ላይ ያብዳል» የሚባለው ስህተት ብዙውን ጊዜ እዚህ ነው። ፍቃድ ማስፋት ቀለል ይላል፤ አሮጌው ቢቀር ፎልት ይመጣል፣ ሃንድለሩ ቴብሉን አይቶ ይመልሰዋል።

ከሁሉ የሚከፋው ምንም የማይወድቅበት ነው። ፎርክ ካደረጋችሁ (ፕሮሰሱን ካባዛችሁ) በኋላ ልጁ ፕሮሰስ በሪድ ያነበበው ዳታ አባቱም ፕሮሰስ ዘንድ ከታየ፣ ከርነሉ የጋራውን ለንባብ ብቻ የሆነ ገጽ ጥሶ ጽፏል። ሲአር0 በሚባለው ሬጂስተር ላይ ቢት 16 ካልበራ ፕሮሰሰሩ የከርነሉን ጽሑፍ አይከለክልም። ቢቱ በየኮሩ ለየብቻ ነውና እያንዳንዱ ኮር ሲነሳ አብሩት።

በሪስክ-ፋይቭ ፕሮሰሰር ከርነሉ የተጠቃሚ ገጽ እንዲነካ ኤስስታተስ በሚባለው ሬጂስተር ላይ ሰም የሚባለው ቢት መብራት አለበት። ማንበብ ሳይፈቀድ መጻፍ ብቻ የሚፈቅድ ኢንትሪም ዋጋ የለውም።

የሊኑክስ ድራይቨር

ለንባብ ብቻ የሰጣችሁትን ማፕ ተጠቃሚው በኋላ በኤምፕሮቴክት ወደ መጻፍ ከቀየረው፣ ያጠፋችሁት የአሁኑን የመጻፍ ፍላግ ብቻ ነው። በኋላ መጻፍ እንዲቻል የሚፈቅደውን፣ ቪኤም ሜይራይት የሚባለውን ፍላግም አጥፉ። ከሊኑክስ 6.3 ጀምሮ ፍላጎቹን በቀጥታ መለወጥ ቀርቶ በቪኤም ፍላግስ ክሊር ፈንክሽን ነው የሚሠራው፤ የቆየ የድራይቨር ኮድ አዲስ ከርነል ላይ ኮምፓይል አልሆን ካለ አንዱ የሚታይ ቦታ ይህ ነው።