የሮክና የሜታል ጊታር ጠቢባን ቴክኒክ እንዴት ይለመዳል?

ዛሬ የወጣ የሜታል አልበም ውስጥ ከጥቂት ሰዎች ጣት የተወረሱ ነገሮች ይሰማሉ፦ የብላክ ሳባዙ ቶኒ አዮሚ ዝቅ አድርጎ የቃኘው ሪፍ (የሚደጋገም አጭር የጊታር ሐረግ)፣ ኤዲ ቫን ሄለን በሁለት እጁ ፍሬት (አንገቱን የሚከፋፍለው የብረት ዘንግ) ላይ የመታው አርፔጆ (ኖታዎቹ አንድ በአንድ የሚመቱ ኮርድ)፣ ኢንግቬ ማልምስቲን ከቫዮሊን ሙዚቃ ወደ ጊታር ያሻገረው ሩጫ። ጀማሪ ከእነዚህ ሰዎች መጀመሪያ የሚቀዳው ፍጥነታቸውን ነው። ፍጥነቱን የተሸከመው ግን መጮህ የሌለበትን ክር ዝም የማሰኘት ችሎታ ነው። ዲስቶርሽን (ሆን ተብሎ የሻከረ ድምፅ) ያለበት ጊታር ትንሿን ንክኪ ሁሉ ያጎላል፤ ስለዚህ ከታች ያለው ልምምድ በሙሉ የሚለካው ሳትፈልጉት በጮኸ ክር ነው።

አንደኛ ክር የምንለው ቀጭኑን፣ ስድስተኛ የምንለው ወፍራሙን ነው። ግራ እጅ ፍሬት ይጫናል፣ ቀኝ እጅ ፒክ (ክር መምቻ) ይይዛል፤ ግራኞች ይገልብጡት።

መሣሪያውን ማዘጋጀት

በመደበኛው ቅኝት ከ0.009 እስከ 0.042 ወይም ከ0.010 እስከ 0.046 ኢንች የሆነ የክር ስብስብ ይበቃል። 12ኛው ፍሬት ላይ ክሩ ከፍሬቱ ጫፍ ያለው ርቀት በአንደኛው ክር 1.5 ሚሊ ሜትር፣ በስድስተኛው 2 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይሁን። ከዚህ በጣም ዝቅ ካለ ክሩ ፍሬቱን እየነካ ዝዝ ይላል፤ በጣም ከፍ ካለ ደግሞ ታፒንግ (ፍሬት ላይ በቀኝ እጅ ጣት መምታት) ጉልበት ይጠይቃል፣ ድምፁም ይሰንፋል። ፒኩ ከ1 እስከ 1.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ይኑረው። ቀጭን ፒክ ክሩን ሲመታ ስለሚታጠፍ ድምፁ ከእጁ ኋላ ይቀራል።

አምፑ ላይ ጌይኑን (የዲስቶርሽኑን መጠን) ግማሽ ላይ አቁሙት። ሪቨርብና ዲሌይ (ድምፁን የሚያስተጋቡትን) አጥፉ፤ ኖይዝ ጌት (ደካማ ድምፅን የሚቆርጥ መሣሪያ) ካለም እንዲሁ። ኖይዝ ጌት መድረክ ላይ ጥሩ ነው፣ ልምምድ ላይ ግን ልትሰሙት የሚገባውን ጥፋት ይደብቅባችኋል።

ከቀኝ እጅ መጀመር

አዮሚ በ17 ዓመቱ ፋብሪካ ውስጥ የሁለት ጣቶቹን ጫፍ በማሽን አጣ። ግራኝ በመሆኑ የተጎዳው ፍሬት የሚጫንበት ቀኝ እጁ ነበር። ለጣቶቹ የፕላስቲክ ቆብ ሠራ፣ ቀጫጭን ክሮችን መረጠ፤ በ1971 በወጣው የብላክ ሳባዝ ሦስተኛ አልበም ላይ ደግሞ የተወሰኑ ዘፈኖችን በሦስት ግማሽ ቶን ዝቅ ብሎ፣ ወደ ሲ ሻርፕ ተቃኝቶ ተጫወተ። ከዚያ በኋላ የመጡ የሜታል ቅርንጫፎች በሙሉ ከዚህ ዝቅ ያለ ድምፅ የተወሰነ ነገር ወስደዋል።

እናንተ ስትሞክሩት ያንኑ ክር ብቻ አላልታችሁ አትተዉት። የላላ ክር በፒክ ሲመታ ለቅጽበት ከቃናው ከፍ ይላል፣ ኮርዱም የተበላሸ ይመስላል። ለሲ ሻርፕ ከ0.011 እስከ 0.054 ኢንች የሆነ ስብስብ ይሻላል። ከቀየራችሁ በኋላ 12ኛው ፍሬት ላይ ክሩን ሳትጫኑ በመንካት የሚወጣውን ሃርሞኒክና ተጭናችሁ የሚወጣውን ኖታ በመቃኛ አወዳድሩ። የተጫናችሁት ከፍ ካለ ብሪጁ (ክሮቹ በጊታሩ አካል ላይ የሚያርፉበት ክፍል) ላይ ያለውን የክሩን መቀመጫ ወደ ኋላ፣ ዝቅ ካለ ወደ ፊት አንቀሳቅሱ።

ፓልም ሚውት (ክሩን በቀኝ መዳፍ እያፈኑ መምታት) የሚበላሸው በጥቂት ሚሊ ሜትር ነው። የመዳፋችሁን ጠርዝ ክሮቹ ከብሪጁ በሚወጡበት ቦታ ላይ አሳርፉ። አንድ ሴንቲ ሜትር ወደ ፊት ከሄደ ኖታው ይሞታል፣ «ጡጥ» ብቻ ይቀራል፤ ወደ ኋላ ከሸሸ ደግሞ ክሩ እንደ ልቡ ይጮሃል። ስድስተኛውን ክር ክፍት አድርጋችሁ፣ በደቂቃ 120 ምት፣ በምት ሁለት ጊዜ፣ ወደ ታች ብቻ እየመታችሁ ለ30 ሴኮንድ ቆዩ። ሜታሊካ በ1986 ባወጣው አልበም ላይ ጄምስ ሄትፊልድ በደቂቃ ከ200 በላይ በሆነ ምት ይህንኑ ያደርጋል። በእኛ እይታ ከሶሎ ተጫዋቾቹ እኩል የሚቆጠር የጊታር ጠቢብ ነው፤ ለታላቅነት ሶሎ ብቻ መመዘኛ መሆኑ አድልዎ ነው። የክንድ መቃጠል ከተሰማችሁ ክርናችሁ ተቆልፏል ማለት ነው፤ ምቱ ከእጅ አንጓ ይምጣ፣ ፒኩም ከክሩ ከ3 እና 4 ሚሊ ሜትር በላይ አይራቅ። ሹል ሕመም ካለ ወዲያው አቁሙ።

ታፒንግ

ፍሬት ላይ በቀኝ እጅ መምታትን ቫን ሄለን አልፈጠረውም። ስቲቭ ሃኬት ከጄነሲስ ባንድ ጋር በ1971 ቀርጾታል። ነገር ግን በ1978 የወጣው የቫን ሄለን የመጀመሪያ አልበም ላይ ያለው፣ 2 ደቂቃ እንኳ የማይሞላው የብቻ ጊታር ክፍል ቴክኒኩን የእያንዳንዱ ወጣት ጊታሪስት የቤት ሥራ አደረገው። ምስጢሩ ኖታዎቹ ውስጥ ነው፤ እነዚያ ፈጣን ድምፆች ሦስት ኖታ ያላቸው ተራ ኮርዶች ናቸው፣ ተበታትነው የተመቱ።

ሁለተኛው ክር ላይ ጀምሩ። የግራ ሌባ ጣት 5ኛ ፍሬት፣ ትንሿ ጣት 8ኛ ፍሬት፣ የቀኝ እጅ የመሃል ጣት 12ኛ ፍሬት። ቀኙን በመሃል ጣት ማድረጉ ፒኩ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል እንዳለ እንዲቆይ ነው። ቅደም ተከተሉ 12፣ 5፣ 8 ነው፦ በቀኝ 12ን መምታት፣ ጣቱን ወደ ጎን ነጠቅ አድርጎ 5 እንዲሰማ ማድረግ፣ ከዚያ ትንሿን ጣት 8 ላይ መጣል። ኢ፣ ጂ እና ቢ ናቸው፤ ኢ ማይነር ማለት ነው። ቀኝ ጣታችሁን ብቻ ወደ 13 ስታሻግሩ ሲ ሜጀር ይሆናል። ወደ 12 መልሳችሁ ትንሿን ጣት ከ8 ወደ 9 ብትወስዱ ኢ ሜጀር ታገኛላችሁ። እያንዳንዱን ኮርድ አራት አራት ጊዜ፣ በደቂቃ 60 ምት፣ በምት ሦስት ኖታ ተጫወቱ።

ችግሩ የሚመጣው ሁልጊዜ ከአንድ ቦታ ነው፦ ከመልቀቁ። ቀኝ ጣት ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ከተነሳ ቀጣዩ ኖታ አይሰማም፤ ክሩን በትንሹ ወደ ጎን ስቦ መልቀቅ አለበት። አብዝቶ ከሳበ ደግሞ ክሩ ከቃናው ይወጣል። በ12 እና በ5 መካከል የድምፅ መጠኑ እኩል እስኪሆን ድረስ ሌላውን ሁሉ ተዉት። ጌይን በመጨመር ልታስተካክሉት አትሞክሩ፣ የሚጨምረው የሌሎቹ ክሮች ጫጫታ ነው።

ከሦስተኛ እስከ ስድስተኛ ያሉት ክሮች በቀኝ መዳፍ ጠርዝ ይታፈኑ። አንደኛው ክር በግራ ሌባ ጣት ሥር በኩል በቀላሉ ይነካ። ስቱዲዮ ውስጥ ብዙ ሰዎች አንገቱ ጫፍ ላይ፣ አንደኛው ፍሬት አካባቢ፣ የፀጉር ማሰሪያ ያስሩበታል። ለቀረጻ አያሳፍርም፤ ለልምምድ ግን እጃችሁን ያሰንፋል።

ሃርሞኒክ ማይነርና ስዊፕ

ሪቺ ብላክሞር በ1972 ከዲፕ ፐርፕል ጋር ሶሎውን በክላሲካል አርፔጆ ሲሠራ በሩ ተከፍቶ ነበር። ራንዲ ሮድስ በ1980 እና በ1981 ከኦዚ ኦስቦርን ጋር የክላሲካል ጊታር ትምህርቱን ይዞ ገባበት። ማልምስቲን በ1984 ባወጣው የብቻ አልበም ግን ቤቱን ሙሉ ወሰደው፤ የፓጋኒኒንና የባህን አካሄድ በከፍተኛ ድምፅ አምፕ ውስጥ አሳለፈው።

የዚህ ድምፅ ቁልፍ ሃርሞኒክ ማይነር ስኬል ነው። በአንደኛው ክር ላይ ብቻ በኤ ተጫወቱት፦ 5፣ 7፣ 8፣ 10፣ 12፣ 13፣ 16፣ 17። ከ13 ወደ 16 ያለው ዝላይ ነው ያንን ድራማ የሚሰጠው፤ ሶሎ ስትሠሩ እዚያ ላይ ቆይታ ስጡ። ሁለተኛው ሀብት ዲሚኒሽድ አርፔጆ ነው፣ በአንደኛው ክር 4፣ 7፣ 10፣ 13። የዚህ አርፔጆ ማንኛውም ቅርጽ በሦስት ፍሬት ከፍ ሲል ያው አራት ኖታ ተመልሶ ስለሚመጣ አንድ ቅርጽ ያወቀ ሙሉ አንገቱን ያውቃል። ለዚህም ነው በየሜታል ዘፈኑ እስኪሰለች የምንሰማው።

ለስዊፕ (ፒኩን በአንድ እንቅስቃሴ በክሮቹ ላይ ማሻገር) ሦስት ክሮች ይበቃሉ። ባለ አምስትና ባለ ስድስት ክሩን የሚያስቸኩል ነገር የለም። ኤ ማይነር፦

ሦስተኛ ክር 9ኛ ፍሬት በመሃል ጣት፣ ወደ ታች
ሁለተኛ ክር 10ኛ ፍሬት በቀለበት ጣት፣ ወደ ታች
አንደኛ ክር 8ኛ ፍሬት በሌባ ጣት፣ ወደ ታች
አንደኛ ክር 12ኛ ፍሬት በትንሿ ጣት፣ ያለ ፒክ በሀመር-ኦን (ጣቱን ክሩ ላይ በመጣል)
አንደኛ ክር 8ኛ ፍሬት፣ በፑል-ኦፍ (ትንሿን ጣት ነጠቅ አድርጎ በመልቀቅ)
ሁለተኛ ክር 10ኛ ፍሬት፣ ወደ ላይ

ከዚያ እንደገና ከሦስተኛው ክር። ስድስት ኖታ ነው፣ በሁለት ምት ያልቃል።

ፒኩ ሦስት ጊዜ ለየብቻ አይመታም፤ አንዱን ክር አልፎ በሚቀጥለው ላይ ያርፋል፣ ከዚያም ሰዓቱ ሲደርስ ያልፈዋል። ይህን «ማረፍ» ያላገኘ ሰው ኮርድ እየመታ ነው። ድምፆቹ ተደራርበው ከተሰሙ ጥፋተኛው ግራ እጅ ነው፦ እያንዳንዱ ጣት ኖታው እንዳለቀ ግፊቱን ይልቀቅ፣ ከክሩ ላይ ግን አይነሳ። መነሳቱ ራሱ ክፍት ክር ያስጮሃል።

ሌላው ሕመም መንሸራተት ነው። ወደ ታች ሲወርዱ እጁ ይቸኩላል፣ 12ኛው ፍሬት ላይ ሲደርስ ይቆማል፣ አጠቃላዩ ሲሰማ ፈጣን ይመስላል ግን ከከበሮው ጋር አይገጥምም። መፍትሔው የመጀመሪያውንና አራተኛውን ኖታ ጠንከር አድርጎ መምታት ነው። አራተኛው ሀመር-ኦን ስለሆነ ትንሿ ጣት ያለ ፒክ ድምፅ ማውጣት ትማራለች። ቀጥሎ ኤፍ ሜጀር ሞክሩ፦ ሦስተኛ ክር 10፣ ሁለተኛ ክር 10፣ አንደኛ ክር 8 እና 13። ሁለቱ 10ዎች በአንድ ጣት ይያዛሉ፤ መጀመሪያ ጫፉ ሦስተኛውን ይጫናል፣ ከዚያ ጣቱ ተንከባሎ በሆዱ ሁለተኛውን ይይዛል። ሁለቱንም እኩል ጠፍጥፎ መጫን ድምፆቹን ያደባልቃል።

ቤንድና ቪብራቶ

ሰው ከአንድ ኖታ ማን እንደሚጫወት የሚያውቀው በቤንድ (ክሩን ገፍቶ ኖታውን ከፍ በማድረግ) እና በቪብራቶ (የኖታውን ከፍታ በማወዛወዝ) ነው። ሦስተኛው ክር ላይ መጀመሪያ 9ኛውን ፍሬት ስሙ፣ ከዚያ 7ኛውን በቀለበት ጣት ይዛችሁ፣ ሌሎቹ ሁለት ጣቶች ከኋላ እየደገፉ፣ እስከዚያው ከፍታ ግፉት። አብዛኛው ሰው ትንሽ ሳይደርስ ያቆማል። ቪብራቶው ከእጅ አንጓ መዞር ይምጣ፣ በየዙሩም ወደ መነሻው ከፍታ ይመለስ። ማልምስቲን በሚጠቀምበት፣ በፍሬቶቹ መካከል እንጨቱ በተቦረቦረ አንገት ላይ ቪብራቶ ይቀላል፤ ነገር ግን ጠንከር ያለ ግፊት ብቻውን ኖታውን ከፍ ያደርገዋል፣ እጃቸው የሚከብድ ሰዎች ኮርዳቸው ይበላሻል።

ፍጥነት የሚጨመረው እንዴት ነው?

ከ60 ምት ተነሱ። አምስት ጊዜ በተከታታይ ያለ ጫጫታ ከወጣ 4 ምት ጨምሩ፤ ከተበላሸ 8 ቀንሱ። የሆነ ቁጥር ላይ መቆሙ አይቀርም። እዚያ ስትደርሱ አንድ ምት ሙሉ በምትፈልጉት ፍጥነት ተጫውታችሁ ቀጣዩን ምት ዝም በሉ፤ ዝምታው ውስጥ ትከሻና አውራ ጣት እንዲላሉ ነው። ከዚያ ሁለት ምት፣ ከዚያ አራት። በቀን 20 ደቂቃ ለአንድ ቴክኒክ፣ በሳምንቱ መጨረሻ ከሚደረግ የሦስት ሰዓት ትግል ይበልጣል።

የምትወዱትን ሶሎ ከቅጂው ስትለቅሙ ድምፁን ወደ 60 በመቶ አዘግዩ፣ በአንድ ጊዜ አራት ምት ብቻ ያዙ፣ የጣት ቁጥሩንም ጻፉ። ቫን ሄለን በመጀመሪያዎቹ አልበሞች በግማሽ ቶን ዝቅ ብሎ ስለሚቃኝ መጀመሪያ ጊታራችሁን አስተካክሉ፣ አለዚያ ጆሯችሁን በከንቱ ትወቅሳላችሁ። ለቅማችሁ ስትጨርሱ ያንኑ ቅርጽ በሌላ ኮርድና በሌላ ምት አስገቡት። ታፒንግን ከዘገምተኛ ሪፍ ላይ መሞከር ጥሩ መነሻ ነው።

ትሬሞሎ እጀታና ሰባተኛ ክር

ተንሳፋፊ ትሬሞሎ (በእጀታ ወደ ሁለቱም አቅጣጫ የሚንቀሳቀስ ብሪጅ) ያለው ጊታር ላይ ክር ስትቀይሩ አንድ በአንድ ቀይሩ። ሁሉንም ካወጣችሁ ስፕሪንጎቹ ብሪጁን ወደ ውስጥ ይስቡታል። አንዱን ክር ስታጠብቁ ሌሎቹ ስለሚላሉ ቅኝቱን ሦስት አራት ጊዜ ዙሩበት፣ የአንገቱን መቆለፊያ የምታጠብቁት ከዚያ በኋላ ነው።

ስቲቭ ቫይ በ1990 ከአይባኔዝ ጋር ባለ ሰባት ክር ጊታር ያስወጣው ለሶሎ ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ ኮርን ያንን መሣሪያ ለወፍራም ሪፍ ተጠቀመበት፣ የጠቢቡ ዕቃ ሶሎ የማይጫወቱ ባንዶች መለያ ሆነ። ሰባተኛው ክር ቢ ላይ ሲቃኝ ከ0.056 እስከ 0.062 ኢንች ይሁን። ሪፉ ከተዝረከረከ አምፑ ላይ መጀመሪያ ቤዙን ቀንሱ፣ ጌይኑን ቀጥላችሁ። ከላይኛው ክር ላይ ሶሎ ስትጫወቱ ደግሞ ይህ ክር በራሱ ይንቀጠቀጣል፤ የቀኝ አውራ ጣታችሁ ጎን ሳይለየው ይደገፍበት።