ዳገቱ በመመለሻ ሲሆን፦ ከመስቀል አደባባይ በሳይክል ስንወጣ የምንሠራቸው ስህተቶች

እሑድ ንጋት 12 ሰዓት ላይ መስቀል አደባባይ የሚሰባሰቡ ሳይክለኞችን ወሬ ጠጋ ብላችሁ ብትሰሙ ግማሹ የኪሎ ሜትር ወሬ ነው። «ቢሾፍቱ 45 ናት፣ ሆለታ ከ40 ብዙም አትበልጥ፣ እንጦጦማ እዚችው ናት።» እኔም ለዓመታት የማስበው እንደዚያው ነበር። አንድ ቀን ቢሾፍቱ በአንድ ሰዓት ተኩል ደርሼ፣ ቡናዬን ጠጥቼ፣ «ለካ ጎበዝ ነኝ» እያልኩ ስመለስ ዱከም ላይ እግሬ ከዳኝ። ቃሊቲ የገባሁት ሳይክሌን አይሱዙ ላይ አስጭኜ፣ ጋቢና ውስጥ ሾፌሩ እየሳቀብኝ ነው።

ኪሎ ሜትር ብቻ መቁጠር

መስቀል አደባባይ ከባሕር ጠለል በላይ 2350 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ቢሾፍቱ 1900 አካባቢ። ጠዋት ሲገፋችሁ የነበረው ቁልቁለት በቀትር ፀሐይ ዳገት ሆኖ ይጠብቃችኋል። እንጦጦ ተቃራኒው ነው። ከ3000 ሜትር በላይ ስለሆነ ቅጣቱን አስቀድሞ ይሰጥና ሲመለሱ ይለቃል። ስለዚህ መንገድ ስትመርጡ መጀመሪያ ዳገቱ በመሄጃ ነው ወይስ በመመለሻ ብላችሁ ጠይቁ። ጀማሪ ከሆናችሁ ዳገቱ በመሄጃ ያለበትን ያዙ፤ ሲደክማችሁ ዞራችሁ መንከባለል ትችላላችሁ።

የሆለታ መንገድ ደግሞ ድርብ ወጥመድ አለበት። በጋ ላይ ነፋሱ በአብዛኛው ከምሥራቅ ስለሚነፍስ፣ ገፈርሳን አልፋችሁ ወደ ምዕራብ ስትነዱ ከኋላ ይገፋችኋል፤ አይታወቃችሁም። ከሰዓት በኋላ ወደ መናገሻ ዳገቱን ስትመለሱ ያው ነፋስ ፊታችሁን ይመታል። በለገጣፎ ወደ ሰንዳፋ የሚወስደው መንገድ ላይ ግን ጠዋት ታግላችሁ ከሰዓት ትሸለማላችሁ። ምርጫው የእኔ ቢሆን ሁልጊዜ ሰንዳፋ ነው።

ሳልረሳው፣ የአዲስ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ሳይክል አያስገባም። ቢሾፍቱ የሚኬደው በአቃቂና በዱከም በኩል ባለው በአሮጌው መንገድ ነው።

በሜዳ ማርሽ ሽሮ ሜዳን መጀመር

እዚህ ከምናገኛቸው የውድድር ሳይክሎች ብዙዎቹ ከውጭ ያገለገሉ ሆነው የመጡ ናቸው። ፊት ለፊት 53 እና 39 ጥርስ፣ ከኋላ ትልቁ 25። ለሜዳ አገር ጥሩ ነው። ወደ እንጦጦ ለመውጣት ከስድስት ኪሎ ተነስታችሁ የሽሮ ሜዳን የሐበሻ ልብስ ሱቆች አልፋችሁ ባሕር ዛፉ ውስጥ ስትገቡ ግን ፔዳሉ በደቂቃ አርባ ጊዜ እንኳ አይዞርላችሁም፤ ጉልበታችሁ ይንቋቋል። ለዳገት የሚቀለው ማርሽ፣ ፊት 34፣ ከኋላ ትልቁ 32 ጥርስ፣ ይበቃል። የኋላውን ስታስቀይሩ ማርሽ ቀያሪው ትልቁን ጥርስ መቀበሉን፣ ሰንሰለቱም ለትልቁ ጥርስ የሚበቃ ርዝመት እንዳለው ለመካኒኩ አስረግጣችሁ ንገሩት። ይህን ሳያደርግ የሰጠኝ ሰው ነበረ፤ ሰንሰለቱ ተወጥሮ ማርሽ ቀያሪውን ገነጠለው።

«የድሮዎቹ ሳይክለኞች በከባድ ማርሽ አልነበር የሚወጡት?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ ኢትዮጵያ በ1956 እ.ኤ.አ. ሜልቦርን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ ስትገባ ከሯጮቹ ጋር ሳይክለኞችም ነበሯት። እነሱ ግን ቅዳሜና እሑድ ብቻ የሚነዱ የቢሮ ሰዎች አልነበሩም።

ሌላው ፍጥነት ነው። ከጎናችሁ ላለው ጓደኛ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳትቆርጡ መናገር ካቃታችሁ ከመጠን በላይ ፈጥናችሁ ጀምራችኋል ማለት ነው። ደግሞ ያንን ዳገት በእግራቸው ወጥተው፣ የባሕር ዛፍ ጭነት በጀርባቸው ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች አሉ። አናት ላይ ደርሳችሁ ፎቶ ስትነሱ እነሱ በአጠገባችሁ ጎንበስ ብለው ሲያልፉ ጉራው ይበርዳል።

እንግዳ በመጣ በማግስቱ እንጦጦ ማውጣት

የአክስቴ ልጅ ከባሕር ዳርቻ ከተማ መጥቶ፣ እዚያ የክለብ ተወዳዳሪ ስለሆነ «ነገውኑ እንውጣ» አለ። ይሉኝታ ይዞን ወጣን። 3000 ሜትር ላይ የአየር ግፊቱ ባሕር ጠለል ላይ ካለው ወደ ሰባ በመቶ ይወርዳል፤ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅንም በዚያው ልክ። ልጁ ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ ቁጭ ብሎ አስታወከ፣ ራሱን ይዞ ዋለ። እንግዳችሁ ቢያንስ ሦስት አራት ቀን ከተማ ውስጥ በቀስታ ይንዳ፤ የኮሪደር ልማቱ የሳይክል መስመሮች ለዚህ ይበቃሉ።

ፍሬን ጨብጦ መውረድ

እኔን የሚያስፈራኝ ቁልቁለቱ ነው። ስስ አየር ሲወጡ ትንፋሽ እንደሚነሳው ሁሉ፣ ሲወርዱ የሚይዛችሁም ነገር ያንሳል፤ በተመሳሳይ ቁልቁለት ባሕር ጠለል ላይ ከምትደርሱበት የበለጠ ትፈጥናላችሁ። የጀማሪ መልስ ፍሬኑን ከላይ እስከ ታች ጨብጦ መውረድ ነው። የፍሬኑ ላስቲክ ጎማው የተገጠመበትን የብረት ቀለበት የሚይዝ ዓይነት ከሆነ ቀለበቱ ይግላል፣ ጎማው ውስጥ ያለው አየርም አብሮ ግሎ ግፊቱ ይጨምራል፣ ጎማው ሊፈነዳ ይችላል። አንዴ የላስቲክ ሽታ ሸትቶኝ መንገድ ዳር ቆምኩና ቀለበቱን በጣቴ ነካሁት። እንደ ምጣድ ነበር፤ ጣቴ ላይ የወጣው ውሃ ያዘለ ቁስል ሳምንት ቆየ።

ከመታጠፊያው በፊት፣ ሳይክሉ ቀጥ ብሎ ሳለ፣ ጠንከር አድርጋችሁ ያዙና ኩርባው ውስጥ ልቀቁት። በሁለቱ ፍሬኖች መካከል በየተራ ፋታ ስጡ። መንገዱ ላይ የሚረግፈው የባሕር ዛፍ ፍሬ ከጎማ ሥር እንደ ብይ ይንከባለላል፤ ዝናብ ከመታ በኋላ ደግሞ ቅጠሉ ያንሸራትታል። አህያ ካያችሁ ከሩቁ ድምፅ አሰሙ። ጭነቷ ከሰውነቷ ሁለት እጥፍ ይሰፋል፣ ከኋላ የሚመጣባትን ስትሰማ ወዴት እንደምትዞር ባለቤቷም አያውቀው።

ካላንደር ሳያዩ መነሳት

ወር በገባ በ21 እንጦጦ ማርያም፣ በ24 ደብረ ሊባኖስ። በእነዚህ ቀናት መንገዱ የምእመናን ነው፤ ኅዳር 21 እና ነሐሴ 24 ደግሞ ጭራሽ አትሞክሩት። ክረምት ላይ ዝናቡ በአብዛኛው ከሰዓት ስለሚጥል በ6 ሰዓት ቤት መሆን ነው። ጎሕ ሳይቀድም እንጦጦ መውጣትም ጀግንነት አይደለም፤ ጅቦቹ ገና አልገቡም። ከሱሉልታ ወይም ከሰንዳፋ አልፋችሁ የምትሄዱ ከሆነ የዕለቱን የመንገድ ሁኔታ ከመናኸሪያ ሾፌሮች ጠይቁ፤ ከማንም ቀድመው የሚሰሙት እነሱ ናቸው።

ታሪክ ያለበት መንደር ደርሶ ታሪኩን ሳያዩ መመለስ

እንጦጦ ማርያም ደርሶ ሰዓቱን አይቶ የሚመለሰው ብዙ ነው። ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥት ዘውድ የጫኑት እዚያ ነው። ከሆለታ አልፎ፣ ከአዲስ አበባ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለችው አዲስ ዓለም ደግሞ ዋና ከተማ ልትሆን ነበር። አዲስ አበባ ማገዶ አልቆባት ምኒልክ ወደዚያ ሊዛወሩ ቤተ መንግሥት አስጀምረው ነበር፤ ከውጭ የመጣው ባሕር ዛፍ ቶሎ አድጎ ከተማዋን አቆያት፣ የአዲስ ዓለሙ ሕንፃም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። እንጦጦ ላይ ጥላ የሚሆነን ዛፍ አዲስ ዓለም ላይ ታሪኩ ይሟላል።

ግን በተጣበቀ የሳይክል ቁምጣ ቅጥር ግቢ አይገባም። ቀላል ሱሪና ነጠላ ኪስ ውስጥ ይጠቀለላሉ። ከተማዋን ስትለቁ ሰላምታችሁም ይቀየር፤ «አካም ጅርቱ» ያለ ሳይክለኛ መንገድ ዳር ውሃም፣ አቅጣጫም፣ አግዳሚ ወንበርም አያጣም።

ደብረ ሊባኖስ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ስለሆነ ደርሶ መልስ በአንድ ቀን የማይመከር ነው። በሱሉልታና በጫንጮ ነድታችሁ ሂዱ፣ ግንቦት 1929 ዓ.ም. ፋሺስቶች መነኮሳቱን የጨፈጨፉበትን ገዳም ተሳለሙ፣ ሳይክሉን አውቶቡስ ጣሪያ ላይ አስራችሁ ተመለሱ። ስታስሩት የማርሹ በኩል ወደ ላይ ይሁን።

በጎሚስታ ብቻ መተማመን

ጎሚስታ በየመንደሩ አለ፤ የውድድር ሳይክልን ቀጭን ቫልቭ የሚይዝ የአየር ቱቦ ግን የለውም። ጫንጮ ላይ አንድ ጎሚስታ ቫልቬን አገላብጦ አይቶ «ይሄ የምን መርፌ ነው?» አለኝ። ሃምሳ ብር የማይሞላ የነሐስ አዳፕተር ቢኖረኝ ኖሮ በአምስት ደቂቃ እለቀቅ ነበር። አሁን ቫልቩ ላይ ጠምዝዤው ነው የምዞረው፤ ከሁለት የውስጥ ጎማና ከትንሽ የእጅ ፓምፕ ጋር።

በባዶ ሆድ መውጣት

ጾም ከሆነና ቅዳሴ እስኪወጣ የምትቆዩ ከሆነ አጭሩን መንገድ ያዙ፣ ወይም ከሰዓት ውጡ። ለቀረው ጊዜ ከውጭ የሚመጣው፣ እየነዱ የሚበላው ኃይል ሰጪ ጄል ውድ ነው፤ ሙዝ፣ ቆሎና በሶ ያው ሥራ ይሠራሉ። እኔ በሶውን ከስኳርና ከቁንጥር ጨው ጋር ኮዳ ውስጥ እበጠብጣለሁ። ሁለት ማንኪያ ለአንድ ኮዳ ይበቃል። ከዚያ ከወፈረ የኮዳውን አፍ ይደፍነዋል፤ ዳገት ላይ በአንድ እጅ መሪ ይዛችሁ በጥርሳችሁ ስትታገሉት፣ ድንገት ይለቅና ደረታችሁ ላይ ይፈሳል።