ከባድ ሞተር በእጅ እየገፉ ማንቀሳቀስ፦ ሳትጥሉት፣ ሳይጥላችሁ

ሞተሬ 249 ኪሎ ይመዝናል። እኔ 64። ቢኤምደብሊው አር 1250 ጂኤስ ነው፤ አገር ሊለቅ ከነበረ ሰው ነው የገዛሁት። ከሱ በፊት ስድስት ዓመት የነዳሁት ቦክሰር የሚባለው ትንሽ ሞተር ቢበዛ 120 ኪሎ ገደማ ነበር። ቦክሰሩን እንደ ፍየል ቀንዱን ይዤ ወደፈለግኩበት እጎትተው ነበር። አዲሱም እንደዚያው የሚጎተት መሰለኝ።

በሁለተኛው ሳምንት ጣልኩት። መንገድ ላይ እንዳይመስላችሁ። እዚሁ ሽሮ ሜዳ፣ ግቢያችን ውስጥ፣ ሞተሩ ሳይነሳ፣ ኮብልስቶኑ ላይ ነው። ከባድ ሞተር ሲሄድ እንደ ላባ ነው፤ ጉዱ የሚፈላው ቆሞ በእጅ ሲገፋ ነው።

ከመንካታችሁ በፊት

መሪው እንዳልተቆለፈ እዩ። ሁሉም ሰው «ይሄማ ይታወቃል» ይላል፤ ሁሉም ሰው ደግሞ አንድ ቀን መሪው እንደተቆለፈ ገፍቶ ያውቃል። የፍሬኑ ዲስክ ላይ የሚገባ ቁልፍ የምትጠቀሙ ከሆነ ቀይ ጨርቅ መሪው ላይ እሰሩ፤ ያስታውሳችኋል። ከረሳችሁት ጎማው ግማሽ ዙር ሄዶ ቀጥ ሲል እናንተ ገና እየገፋችሁ ነው።

የጎን ሳጥኖች ካሉ አውልቁ። ነዳጁንም አስቡት። ቤንዚን ሊትሩ ሦስት ሩብ ኪሎ ገደማ ነው። ስለዚህ የኔ 20 ሊትር ታንክ ሲሞላ 15 ኪሎ ነው፣ ያውም ከላይ የተቀመጠ። ለመለማመድ ከሆነ ታንኩ ጎደል ሲል ይሻላል።

በነጠላ ጫማ አይሞከርም። የኔ ሞተር ሲሊንደሮቹ ግራና ቀኝ ወጣ ያሉ ናቸው፤ ቅልጥሜን ስንት ጊዜ እንደመቱኝ መቁጠር ትቻለሁ።

ከዚያ ሞተሩን የምታስኬዱበትን መሬት መጀመሪያ ባዶ እጃችሁን ሂዱበት። ጠጠር፣ እርጥብ ቅጠል፣ የበሩ ደፍ፣ ጎርበጥ ያለ ድንጋይ። የት እንደምታቆሙት ሳትወስኑ መቆሚያውን አታንሱ።

አቋቋም

በግራ በኩል ቁሙ፤ የጎን መቆሚያው ያለው እዚያ ነው። ሁለት እጃችሁ መሪው ላይ ይሁን። የቀኝ እጃችሁ ሁለት ጣት የፊት ፍሬን ላይ ይረፍ፣ ሳይጫን። ዳሌያችሁን ታንኩና መቀመጫው የሚገናኙበት ላይ አስጠጉ። አሁን ሞተሩን ወደ እናንተ አዘንብሉት። ትንሽ፣ በጣም ትንሽ፤ ዳሌያችሁ ላይ መኖሩ እስኪሰማችሁ ድረስ ብቻ።

ቀጥ ብሎ የቆመ ሞተር ምንም አይከብድም፤ በሁለት ጣት ይያዛል። ከወደቀብኝ በኋላ ተናድጄ ወረቀት ላይ አሰላሁት። የክብደቱ መሃል ከመሬት ከግማሽ ሜትር ትንሽ ከፍ ይላል ብዬ ነው፤ ግምት ነው። ሞተሩ 5 ዲግሪ ሲያዘነብል መሪው ላይ የሚያርፍባችሁ 11 ኪሎ ገደማ ነው። 20 ዲግሪ ሲደርስ 45 ይሆናል። 30 ላይ 65፤ ከራሴ ክብደት በላይ ማለት ነው። ስለዚህ መያዝ የሚቻለው መጀመሪያ ላይ ብቻ ነው።

ወደ እናንተ ሲያዘነብል ዳሌና እግር አለላችሁ። ወደ ማዶ ሲያዘነብል ያላችሁ ክንድ ብቻ ነው። ወደ ማዶ ሄደ ማለት ሄደ ነው።

እይታችሁ ወደምትሄዱበት ይሁን። የፊት ጎማው ላይ ካፈጠጣችሁ ሞተሩ መወዛወዝ ይጀምራል።

አንዳንዱ ግራ እጁን መሪው ላይ፣ ቀኝ እጁን የኋላው መያዣ ላይ አድርጎ ወደኋላ ይገፋል። ደልዳላ መሬት ላይ በጣም ይመቻል። ግን የፊት ፍሬኑ ከእጅ ወጣ ማለት ነው። ተዳፋት ላይ እኔ አላደርገውም።

ማዞር

እዚህ ላይ ነው የተዋረድኩት። ሞተሩ አፍንጫውን ወደ ግድግዳው አድርጎ ቆሟል። ወደ በሩ ላዞረው ፈለግኩ። ግቢያችን ወደ በሩ ተዳፋት ነው። መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ግራ ጠምዝዤ ወደኋላ ለቀቅ አደረግኩት። ተዳፋቱ ተቀበለው። ፈጠን ሲልብኝ ደነገጥኩና የፊት ፍሬኑን በሙሉ እጄ ጨመደድኩት።

ሞተሩ ቀጥ አለና ወደ ቀኝ፣ ወደ ማዶ ዞር ብሎ ጋደም አለ። አልፈጠነም። ቀስ ብሎ፣ እንደ ሽማግሌ። እኔ ግራ እጀታውን ይዤ ተንጠለጠልኩ። የወደቀው የግቢያችን እትዬ በዘይት ጣሳ የተከሉት ጤና አዳም ላይ ነው። የቤንዚንና የጤና አዳም ሽታ አንድ ላይ ምን እንደሚመስል እነግራችኋለሁ ብል አታምኑኝም። ስፖኪዮው ረግፏል፤ የፍሬኑ ማንሻ ጫፉ ተሰብሯል። እትዬ ከበራቸው ብቅ ብለው አዩኝ። «እኔ የምለው፣ ይሄ ነገር አንተን ይሸከማል ወይስ አንተ ነህ የምትሸከመው?»

ለምን ወደ ማዶ ወደቀ? መሪው ሲታጠፍ የፊት ጎማው ወደ ጎን ያያል። በዚያ ሰዓት ፍሬን ስትይዙ ጎማው ሞተሩን ወደ አንድ ጎን ይገፈትረዋል። ወዴት እንደሚገፈትር አስቀድሞ ይታወቃል። ወደፊት እየሄደ መሪው ወደ ግራ ከታጠፈ ሞተሩ ወደ ግራ ነው የሚወድቀው። ወደ ቀኝ ከታጠፈ ወደ ቀኝ። ወደኋላ ሲሄድ ይገለበጣል፤ መሪው ግራ ከሆነ ወደ ቀኝ፣ መሪው ቀኝ ከሆነ ወደ ግራ።

እናንተ በግራ ናችሁ። ስለዚህ ስህተት ብትሠሩ እንኳ ወደ ዳሌያችሁ የሚመጣባችሁን መንገድ ምረጡ። ወደፊት ስትሄዱ መሪው ወደ ግራ፣ ወደኋላ ስትመለሱ መሪው ወደ ቀኝ። ደጋግማችሁ ብታደርጉት ሞተሩ ሁልጊዜ ወደ ግራ ይዞራል፤ ጠባብ ቦታ ላይ መኪና እንደሚዞረው። እኔ ያደረግኩት የዚህን ተቃራኒ ነው።

አንድ ነገር ግን አለ። ወደኋላ መሪው ቀኝ ሆኖ ስትመለሱ የሞተሩ አፍንጫ ወደ እናንተ ይመጣል። እግራችሁን አንስታችሁ ወደ ጎን እየሸሻችሁ ሂዱ፤ ካልሆነ ጎማው ጣታችሁ ላይ ይወጣል።

ከሁሉም በላይ ከመቆማችሁ በፊት መሪውን አቅኑት። አቅኑ፣ ከዚያ ፍሬን። ሁለት ጣት፣ ቀስ ብሎ። መሪውን እስከ መጨረሻው አትጠምዝዙት፤ ትንሽ አስቀሩለት። እርምጃችሁ ግማሽ እርምጃ ይሁን። አካሄዳችሁ ዝግ ካለ ድንገተኛ ፍሬን የሚያስይዝ ነገር አይመጣም። አምስት ጊዜ ወዲያና ወዲህ ማለት የሚያሳፍር አይደለም። እኔ አሁን ስድስት ጊዜ እላለሁ።

ያልነገሩኝ ፍሬን

ይሄን ከማርሽ ጋር የተያያዘ ዘዴ ያወቅኩት ከወደቅኩ በኋላ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ አንደኛ ማርሽ ውስጥ አስገቡት። ፍሪሲዮኑን ስትይዙ ይሄዳል። ስትለቁት የኋላ ጎማው ይያዛል። አለቀ። የእግር ፍሬኑ በቀኝ በኩል ስለሆነ ቆማችሁ አትደርሱበትም፤ ይሄ ግን በግራ እጃችሁ ውስጥ ነው ያለው።

ለምን ይሻላል? የኋላ ጎማ አይታጠፍም፤ ስለዚህ ሞተሩን ወደ ጎን አይገፈትረውም። ደግሞ ክረምት ላይ እርጥብ ኮብልስቶን እንደ ሳሙና ነው፤ የፊት ጎማ ሲያንሸራትት የምታስቀሩበት ነገር የለም። አሁን ግቢያችን ውስጥ ወደ በሩ ስወርድ በፍሪሲዮን ብቻ ነው የማወርደው። ያዝ፣ ለቀቅ፣ ያዝ፣ ለቀቅ። ደልዳላ ቦታ ላይ ግን ማርሹን ዜሮ ላይ አድርጋችሁ የፊቱን ፍሬን ተጠቀሙ፣ ይቀላል።

ዳገት፣ እና የሚረዳ ሰው

249 ኪሎ ዳገት በእጅ አይገፋም። ተቀመጡበትና በሞተሩ ኃይል አውጡት። አንዳንዱ ከጎኑ እየሄደ፣ ሞተሩን አስነስቶ ነዳጅ እየሰጠ ያወጣዋል። አልወደውም። አንድ ጊዜ ብትደናቀፉ እጃችሁ ነዳጁን ጨምቆ ይቀራል።

እግራችሁ መሬት በደንብ የሚደርስ ከሆነማ ደልዳላውንም ተቀምጣችሁ በእግር ብትገፉት ነውር የለውም። እኔ ጣቴ ጫፍ ብቻ ስለሚደርስ ነው ቆሜ የምለፋው። ሆንዳ እንኳ ጎልድ ዊንግ ላይ ከ1988 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወደኋላ የሚሄድበት ማርሽ አድርጎለታል፤ ያ ሞተር አሁን ከ360 ኪሎ በላይ ነው፣ ማን ይገፋዋል?

የሚረዳችሁ ሰው ካለ በቀኝ በኩል ይቁም። አይግፋ፣ አይጎትት። ወደሱ ካዘነበለ ብቻ እጁን ያስደግፍ። ዘበኛችን ጋሼ ደግ ሰው ናቸው። ግን «ልግፋልህ» ሳይሉ ከኋላ የገፉልኝ ቀን ከበሩ ጋር ልንላተም ነበር። ከዚያ ወዲህ ተስማምተናል፤ እኔ «በል» ካላልኩ ማንም አይነካም።

የጎን መቆሚያው ላይ አስደግፈው ሞተሩን እንደ እንዝርት የሚያሽከረክሩ ሰዎች ቪዲዮ ታያላችሁ። ሲያዩት ያምራል። ሙሉ ክብደቱ የሚያርፈው በአንድ ቀጭን ብረት ላይ መሆኑን ግን አስቡ። ኮብልስቶን ላይ ደግሞ መቆሚያው ስንጥቅ ውስጥ ይገባል። እኔ አልሞክረውም።

ማቆም

መቆሚያውን በእግራችሁ ወደፊት እስከ መጨረሻው ግፉ፤ ከዚያ በተረከዛችሁ ነካ አድርጋችሁ አረጋግጡ። አንደኛ ማርሽ ውስጥ ይሁን። አፍንጫው ወደ ዳገቱ ይይ። ወደ ቁልቁለት ካቆማችሁት ወደፊት ሲንሸራተት መቆሚያው ይታጠፋል። መሬቱ በግራ በኩል ከፍ ካለ ሞተሩ በጣም ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ አንድ ልጅ ነካ ቢያደርገው ወደ ቀኝ ይሄዳል። ሌላ ቦታ ፈልጉ። አፈር ላይ ወይም ፀሐይ ያለሰለሰው አስፋልት ላይ ከመቆሚያው ሥር ጠፍጣፋ ነገር አድርጉ። ጋሼ ከሳጥን ጣውላ ቆርጠው፣ በስተው፣ ሲባጎ አሰሩልኝ። የሲባጎው ጫፍ መሪው ላይ ይታሰራል። ሞተሩ ላይ ከወጣሁ በኋላ ሳልወርድ ጎትቼ አነሳዋለሁ።

ከወደቀ

ልቀቁት። ከተወሰነ ዲግሪ በኋላ አትይዙትም፣ እግራችሁን አውጡ። እኔ ተንጠልጥዬ ወገቤን ሁለት ሳምንት አሞኛል፤ ማንሻውና ስፖኪዮው እንደሆነ ከመሰበር አልዳኑም።

ቁልፉን አጥፉ። ነዳጅ የሚፈስ ከሆነ ሲጋራ የያዘ ሰው አርቁ። በቀኝ ጎኑ ከወደቀ መጀመሪያ የጎን መቆሚያውን አውጡ፤ ካልሆነ ስታነሱት በወዲያኛው በኩል መልሶ ይወድቃል። ከተቻለ አንደኛ ማርሽ ውስጥ አስገቡ፣ እንዳይንሸራተት። ከዚያ ጀርባችሁን ስጡት። ቂጣችሁን መቀመጫው ጠርዝ ላይ አሳርፉ። መሪውን መሬት ወደነካው በኩል እስከ መጨረሻው አጥፉና የታችኛውን እጀታ በአንድ እጅ ያዙ፤ በሌላኛው እጅ ከኋላ ያለውን ብረት። ወገባችሁን ቀጥ፣ ክንዳችሁን ዘርጋ። በእግራችሁ እየገፋችሁ በትንንሽ እርምጃ ወደኋላ ሂዱ። ሲነሳ ትንፋሽ አትያዙ፣ አትቸኩሉ። ቀጥ ሊል ሲል ክብደቱ ድንገት ይጠፋል፤ እዚያ ላይ ነው ሰው ከልክ በላይ ገፍቶ በማዶ የሚጥለው።

የዚያን ቀን ይሄን ስላላወቅኩ አራት ሰው ነው ያነሳልኝ። ማንሻውን አስቀየርኩ። ለእትዬ አዲስ ጤና አዳም ገዛሁላቸው። ጣሳውን ተቀብለው አመሰገኑኝና ወደ ማዶው ግድግዳ ወስደው አስቀመጡት።